የእርዳታ እህል በማን አህያ ይጫናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬም ከጎንደር ነው። ሀብታም አገር ድሃ አገርን የሚረዳው እንዴት ነው? እንዴት ነው?

በሰርግ ልጀምር። ልጅ ልትድሩ ነው፣ ለእንጀራው ጤፍ አጠራችሁ እንበል። አንድ ባለጸጋ ጎረቤት መጡና «አይዟችሁ፣ ሁለት ኩንታል የደምቢያ ጤፍ ከእኔ» አሉ። እሰየው! ቀጠሉና ደግሞ፣ «የሚጭነው የእኔ አህያ ነው፣ ኪራዩም ከስጦታው ላይ ይታሰባል። የሚፈጨውም በእኔ ወፍጮ ነው» አሉ። ጤፉ ጤፍ ነው፣ እንግዳው ይበላበታል። ግን ምጣዱ ላይ የደረሰው ስንት ነው? አህያው ስንት ወሰደ? ወፍጮውስ? ይህን አህያ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ቶሎ ቶሎ። እርዳታ ስጦታም፣ ወለዱ ዝቅ ያለ ብድርም ይሆናል። ወይ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ይሄዳል፣ ወይ እንደ ዓለም ምግብ ፕሮግራም ባሉ ተቋማት በኩል። በ1970 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የተባበሩት መንግሥታት ሀብታሞቹ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ይስጡ አለ። ከመቶ ብር 70 ሳንቲም ማለት ነው። 70 ሳንቲም! በ2024 ይህን ያሟሉት ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ናቸው።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ «ብሩ በጥሬው ለመንግሥት ይሰጥና ይበላል» ብላችኋል። ሌብነት የለም አልልም፣ አለ፤ ያናድደኛልም። ነገር ግን እስከ 2025 ድረስ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው እርዳታ አብዛኛው የእኛን መንግሥት ካዝና አይነካም ነበር። ይሄድ የነበረው ለራሳቸው ኮንትራክተሮች፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅቶችና ለተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ነው። አህያው እዚህ ጋ መጣ! በ1954 በጀመረው የምግብ እርዳታቸው እህሉ ከአሜሪካ ገበሬ ይገዛል፤ ቢያንስ ግማሹ ደግሞ የአሜሪካን ባንዲራ በሰቀለ መርከብ ይጫን ይላል ሕጉ። የመርከቡ ኪራይ የሚከፈለው ከእርዳታው በጀት ነው። እህሉ ጅቡቲ ወደብ ሳይደርስ ገንዘቡ አንሷል። እኔ ይህን ትክክል አይደለም እላለሁ። ካናዳ በ2008 የምግብ እርዳታዋን ከዚህ ዓይነት ግዴታ ነፃ አውጥታዋለች፣ ስለዚህ ይቻላል።

እርዳታ ሁሉ ከንቱ ነው ለምትሉኝ ግን እዚሁ ከተማችንን እዩ። በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ጨረሰ። በዓመቱ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ድጋፍ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች እየሰለጠኑ ወደየገጠሩ ወጡ። ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

እናት ወይ አባታችሁ፣ አያታችሁም ቢሆኑ፣ እዚያ የተማሩ ካሉ የት ተመድበው እንደሠሩ ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ስለ ብድሩ እናወራለን።