ጠጋ በሉ

እሺ… እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ? ዛሬም ቁምሳጥን ውስጥ ነኝ። ካፖርቶቹ ሰላም ብለዋችኋል። የላይኛው ፎቅ ብሌንደር ገና አልተነሳም፣ ስለዚህ ልፍጠን።

ስለ አስተርጓሚነት ሥራዬ ሁለተኛ አላወራም ብዬ ነበር። አውቃለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥገኝነት።

በቃ እሱው ነው። በቀን ስንቴ እንደምለው ታውቃላችሁ። ጥገኝነት ጠያቂ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ። አፌ ስለለመደው አልሰማውም ነበር። እንደ ቴምብር ዝም ብዬ መለጠፍ ነው።

ያን ቀን ታዲያ… እማማ ልበላቸው። ስማቸውን አልነግራችሁም፣ ሌላውንም ለዋውጬዋለሁ። ጠበቃዋ ወዲያ፣ እሳቸው ወዲህ፣ እኔ መሐል። የቦርሳቸውን ማንገቻ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጠበቃዋ ጠየቀች፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ "እማማ፣ እዚህ አገር ጥገኝነት መጠየቅ ይፈልጋሉ?" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዛ፣ "አልፈልግም" አሉ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚለው። አልጨምርም፣ አልቀንስም። አልፈልግም ካሉ፣ አልፈልግም ነው። አፌን ከፍቻለሁ ሁሉ። ግን ቀጠሉ።

"ልጄ፣ እኔ የሰው ጥገኛ አልሆንም። እንጀራ ጋግሬ ሸጬ ነው አራት ልጅ ያሳደግሁ። እጄ ደኅና ነው። እዪው።"

ቦርሳውን ለቀው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው። የቀኙ አውራ ጣት ሥር ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፣ የሚያብረቀርቅ። ምጣድ መሆን አለበት። ጠበቃዋ እጁን አየች። ከዛ እኔን አየች። ምን አሉ ነው ነገሩ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ። እውነቴን ነው። ጥገኛ ተውሳክ። መምህራችን ቦርዱ ላይ የሳሉት ኮሶ ትል። ከዛ ደግሞ ዜናው መጣ፣ "ከእርዳታ ጥገኝነት ለመላቀቅ" የሚለው። አርባ ጊዜ ሰምተነዋል፣ ከቤት ከወጣን ጀምሮ። እና ይሄንን ቃል ነው ለአንዲት እናት ፈገግ ብዬ "ይፈልጋሉ?" የምላቸው።

ማን ይፈልጋል?

ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ለጠበቃዋ ምን አልኳት? "ማብራሪያ ጠይቀዋል" አልኳት። ውሸት ነው? አይደለም መሰለኝ። ግን እውነትም አይደለም። ሴትየዋ ማብራሪያ አልጠየቁም። እንቢ ነው ያሉት። ምክንያታቸውን ነው የነገሩኝ። እኔ ዋጥኩት።

ዞሬ፣ "እማማ፣ ጥገኛ ማለት አይደለም። መጠጊያ ማለት ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። "እንደ እጨጌ ቤት?" አሉኝ።

ሌላውን ሁሉ ስለዋውጥ ይቺን ብቻ መለወጥ አቃተኝ። ጎንደሬዎች ታውቁታላችሁ። ያኔ እጨጌው፣ የመነኮሳቱ አለቃ፣ ጎንደር በነበሩበት ዘመን፣ የሸፈተም ሆነ ባለዕዳ፣ ንጉሥ የተቆጣውም፣ እጨጌ ቤት ከደረሰ አይነካም። ደርሶ መግባት ብቻ ነው።

"እጨጌ ቤት የገባ ሰው ጥገኛ አይባልም" አሉኝ። "ገባ ነው የሚባል።"

እኔም፣ "አዎ እማማ፣ እንደሱ ነው" አልኳቸው።

ወይ ጉድ። እንደሱ ነው እንዴ? የአሜሪካው የጥገኝነት ፎርም አይ 589 ይባላል። ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላስገቡ ችግር ነው። ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ወይ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት፣ ከአምስቱ አንዱ ጋ ካልገጠመ መሳደድህ አይቆጠርም። ከዛ መጠበቅ ነው። ዓመታት። እጨጌ ቤት ማን ፎርም ያስሞላል?

ቤት ገብቼ ደግሞ ቃሉን ፈታታሁት። ጥገኝነት፣ ጥገኛ፣ መጠጊያ፣ ጥግ… ሁሉም ያው ተጠጋ ነው! የሰጠኋቸው ቃል የነጠቅኳቸው ቃል ወንድም ነው። መጠለያ ብላቸው ይሻል ነበር? እሱ ቢያንስ ጥላ አለው። ግን መጠለያ ለኔ ድንኳን ነው፣ ሰልፍ ነው። በ77 ኮረምን ያየ ሰው መጠለያ ሲባል ምን ይታየዋል?

ተጠጋ ደግሞ ክፉ ቃል አይደለም እኮ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን አንዷ ስምንት ወር አስጠግታኛለች፣ ሶፋው ላይ፣ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥስ? ረዳቱ፣ "ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ!" ይላል፣ አራት ሆነን ወንበር ላይ። ማንም ጥገኛ አይሆንም። ባለወንበሩ ነው የሚጠጋው እንጂ የመጣው አይደለም። ወይስ ሁለቱም ናቸው? እንጃ። ጠፋብኝ።

የእስራኤሏ አክስቴ ባለፈው ስትደውል፣ "ሚክላት ውስጥ ነኝ፣ ቆይተሽ ደውይ" አለችኝ። ሳይረን ጮኾ ነው። እንደ ሱቅ ወጣ ያለች ነው የምትለው። ሚክላት የቦምብ መሸሸጊያው ነው። ኦሪቱ ላይ ደግሞ ሳያስበው ሰው የገደለ የሚሸሽባቸው ስድስት ከተሞች አሉ አይደል? በዕብራይስጡ እነሱም ሚክላት ናቸው። እኛ የመማጸኛ ከተማ ብለናቸዋል። አክስቴ በፈረንጆቹ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስትገባ ያስቀመጧት የአዲስ ገቢዎች መቀበያ መርካዝ ክሊታ ነው የሚባለው። የክሊታና የሚክላት ሥሩ ያው አንድ ነው፣ ተቀበለ ማለት ነው። የነሱ ቃል በሩን የከፈተውን ያወራል። የኛው የሚማጸነውን፣ የሚጠጋውን፣ የሚሸሸውን። እና ይሄን ሳስብ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። በአማርኛ ይናደዷል እንዴ? ደግሞ አክስቴን ጠይቋት፣ በሩ የተከፈተው እንዴት እንደሆነ። ቃሉ ብቻውን ምን ያደርጋል።

እ… እማማ ጋ ልመለስ።

ፈረሙ። ጠበቃዋ ደስ አላት፣ እጅ ነሳን፣ ወጣን። ሊፍት እየጠበቅን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ታዲያ አሁን ገባሁ ማለት ነው?"

ቁልፉን ተጫንኩ። ቀድሞውንም በርቶ ነበር፣ ግን ደግሜ ተጫንኩት። "ቀስ ብሎ ነው እማማ" ነው ያልኩት መሰለኝ። ወይ ምንም አላልኩም። ሊፍቱ መጣ።

ሐሙስ ቀጠሮ አላቸው። ሌላ አስተርጓሚ እንዲመደብ ልናገር ወይ ራሴ… ምክንያቱም ሌላ ሰው ከተመደበ ያቺኑ ቃል ነው የሚላቸው። እኔ ካለሁ ደግሞ እኔም… 

ይኸው፣ ብሌንደሩ ተነሳ። ይሰማችኋል? ቆይ በሩን ልዝጋው። ኧረ ዝግ ነው…