ጀሶውና ወርቁ፦ በደሴው ዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የሃይማኖት አባቶችና ሼኾች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅና ከወረኢሉ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ ማለዳ የጦሳ ጉም ሳይገፈፍ፣ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጡትን የኮምቦልቻ ወጣቶች በተለይ አመሰግናለሁ። የበገና አንጀት ከሙቀት ወደ ብርድ ሲወጣ እንደሚያኮርፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ከሻይ በኋላ የሚቀርበው ዝግጅት ጥቂት ቢዘገይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማኅበራችን የተነሣበት ሐሳብ በመካከላችን የታወቀ ነው። የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ በአንድ መድረክ እያገናኘን፣ ጽሑፍ እምብዛም ያልደረሰባቸውን ዘመናት በጆሮ በኩል ለመጠየቅ ተሰባሰብን። የዓመቱን የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን በየተራቸው ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በምናዘጋጀው ኮንሰርት ውስጥ የትኛው ከታሪክ የተገኘ፣ የትኛው የእኛ ሙሌት እንደሆነ ለአድማጩ መንገር አለብን ወይስ የለብንም የሚለው ነው። አለብን ባይ ነኝ። ወደዚህ አቋም ያመጣኝ ግን ንባብ ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ደሴ ባቀረብነው ዝግጅት፣ በገና፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና የዐረቦቹ ባለ አውታር መሣሪያ ኡድ አብረው ሊጫወቱ ሲሰናዱ፣ ማይክሮፎኑን ተቀብዬ «አሁን የምትሰሙት ከ1,500 ዓመት በፊት የአክሱም ነገሥታት የሰሙትን ድምፅ ነው» ብዬ አስተዋወቅሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ደስ አለኝ። ዝግጅቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ በገና ደርዳሪው አባት መሣሪያቸውን በጋቢ ጠቅልለው በር ላይ ጠበቁኝ። እጄን እንደ ያዙ፣ «ልጄ፣ ይህን በገና ያበጀው አናጢ እኮ በሕይወት አለ፤ ትናንት ቧንቧ ውሃ ሰፈር አግኝቼው ሰላም ተባብለናል» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንጀቱ የዘንድሮ በግ ነው። በአውታሮቹ ሥር የሚገባውን ቆዳ፣ እንዝራውን፣ የቀየርኩት ለዐቢይ ጾም ነው። ዜማውን ከአባቴ ተቀበልኩ፤ አባቴ ከማን እንደተቀበለው አልነገረኝም። አንተ 1,500 ዓመቱን ከየት አመጣኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ዓመቱን ሙሉ ሳስብበት የከረምኩት ጥያቄም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሌናርድ ዉሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ፣ በደቡብ ኢራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ በኡር ከተማ የነገሥታት መቃብሮችን ሲያስቆፍር፣ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የክራርና የበገና ዘመዶች አገኘ። እንጨታቸው በስብሶ አፈር ሆኗል። የቀረው በወርቅ የተሠራ የበሬ ራስ፣ ሰማያዊ ድንጋይና ዛጎል፣ እንዲሁም እንጨቱ ሲበሰብስ በአፈሩ ውስጥ ጥሎት የሄደው ባዶ ቦታ ነበር። ዉሊ በዚያ ባዶ ቦታ ጀሶ አፈሰሰበት፤ ጀሶው ሲጠነክርም የመሣሪያው ቅርጽ ተይዞ ወጣ። ሥራው የሚያስደንቅ ነው። የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን የሚያየው ሰው ወርቁ የቱ፣ ጀሶው የቱ እንደሆነ መለየት መቻሉ ነው። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር፤ እኔ ግን ያን ዕለት መድረክ ላይ ጀሶውን ወርቅ ነው ብዬ ሸጥኩ።

ድምፅ ደግሞ ከእንጨትም ይልቅ ፈጥኖ የሚጠፋ ነገር ነው። በሶርያ ጠረፍ በነበረችው በኡጋሪት ከተማ በሸክላ ጽላት ላይ የተቀረጸና 3,400 ዓመት ያህል የቆየ መዝሙር ተገኝቷል፤ ቃሉም የአውታሮቹ ስያሜም ተጽፎበታል። ይሁንና ጽላቱን የመረመሩት ሊቃውንት እያንዳንዳቸው የተለያየ ዜማ ነው ያወጡለት። ወደ ቤታችን ስንመለስም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በትውፊት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወረደ ነው፤ ከፊደል የተወሰዱት የዜማ ምልክቶች ግን ሥርዓት ይዘው የተዘጋጁት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። በሁለቱ መካከል ያሉትን 1,000 ዓመታት የተሸከመው የመምህርና የደቀ መዝሙር አፍና ጆሮ ነው። ይህን መናገር ያሬድን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም በየዘመኑ ያንን ሸክም የተቀበሉትን ስማቸው ያልተጻፈ መሪጌቶች ያስታውሰናል።

አሁን ወጣቶቻችን በጣም ወደሚወዱት፣ እኔም ወደምወደው ማሳሳቻ ልምጣ። የአምባሰል ቅኝትን አምስት ድምፆች በፒያኖ ላይ በቅደም ተከተል ብታስቀምጧቸው፣ ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ ብለው ከሚጠሩት ስልት ጋር በእርከን አንድ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አነስተኛው ትዝታም እንዲሁ ሂራጆሺ ከሚባለው የኮቶ፣ ማለትም የጃፓኖች ባለ አውታር መሣሪያ፣ አቃኛኘት ጋር ይገጥማል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደ ኮቶን ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ያጣመረ ድርሰት መጻፋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአምባሰል ተራራ እስከ ኪዮቶ የሄደ ነጋዴ ነበር የሚል ማስረጃ በእጃችን የለም፤ አምስት ድምፅ ይዞ የሚዘምር ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ነው፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። የሕንድ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በደብረ ዳሞ በሰሜን ሕንድ ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ የአክሱም ሰዎች በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሕንድ ጋር መገበያየታቸውም የታወቀ ነው። ንግዱ ወርቅ ጥሎልን ሲያልፍ አንድም ዜማ አልተወልንም። እንግዲህ አንደኛው ጆሮ ላይ የሚገጥም ሆኖ መንገድ የሌለው፣ ሌላው መንገድ ኖሮት ድምፅ የሌለው ነው። ሁለቱም ኮንሰርት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ዓይነት ማስተዋወቂያ መቅረብ ግን የለባቸውም።

ሌሎች ይህን እንዴት ያዙት ብለን ብንመለከት፣ ካታሎናዊው የጥንታዊ ሙዚቃ ባለሙያ ጆርዲ ሳቫል የአፍሪካውያንን የባርነት ጉዞ በሚመለከተው ሥራው፣ ከማሊ፣ ከማዳጋስካርና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሙዚቀኞችን ሲያሰባስብ፣ በዜማዎቹ መካከል የየዘመኑ ሰነድ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አድርጓል። አድማጩ ሰነዱን በሰነድነቱ፣ ሙዚቃውን በሙዚቃነቱ ይሰማል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ግብጻዊው ሚና ጊርጊስና ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት መክሊት ሐደሮ የጀመሩት የናይል ፕሮጀክት ነው። የዓባይ ተፋሰስ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ2013 አስዋን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲቀመጡ፣ የኛ ክራር ከግብጹ ሲምሲሚያ ጋር ጎን ለጎን ሆነ። ሁለቱም ሁለት ክንድና አንድ ቀንበር ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የኑብያው ታንቡራና የኬንያ ሉዎዎች ኛቲቲም ወንድሞቻቸው ናቸው። እነዚህን መሣሪያዎች አንድ ላይ ማሰለፍ ብቻውን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ማን ከማን ወሰደ ብሎ መፍረድ ግን ሌላ ሥራ ነው።

መቃኘትን ካነሣን ዘንድ፣ በልምምዳችን ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለአንቺሆዬ የተቃኘ ክራር ከኪቦርድ ጋር እንዲሄድ ተብሎ፣ ልጁ አውታሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኪቦርዱ ድምፅ ሳባቸው። ሦስተኛውን አውታር ሲያጠብቅ ፊቱ ተጨማደደ፤ ሲጨርስ ዜማው ትክክል ነበር፣ አንቺሆዬነቱ ግን ከውስጡ ወጥቶ ሄዷል። ኪቦርዱን አጥፍተን ኡዱ ወደ ክራሩ እንዲመጣ አደረግን፤ ኡድ በጣት የሚረገጥ ገደብ ስለሌለው ይችላል። ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት ደንብ ይኸው ነው፤ እንግዳው ወደ ባለቤቱ ቅኝት ይመጣል፣ ባለቤቱ ቅኝቱን ለእንግዳው አያፈርስም።

እዚህ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ የሚበቃን ጉዳይ አለ። በሰኞው የባቲ ገበያ አፋር፣ ኦሮሞና አማራ ሲገናኙ፣ ጨውና ከብት ሲለዋወጡ፣ ቋንቋና ዘፈን አብሮ መጓዙ አይቀርም። የባቲና የአምባሰል ስም የቅኝቶች መጠሪያ መሆኑ ኩራታችን ነው፤ ሆኖም ስሙ ቅኝቱ መቼ እንደተወለደ አይነግረንም። መንዙማን ብንወስድ ደግሞ ቃሉ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ዶቃን በክር መሰካት፣ ስንኝን መደርደር ማለት ነው። የጀማ ንጉሥና የሌሎቹ የወሎ ማዕከላት ሼኾች በዐረብኛና በአማርኛ የገጠሙት መንዙማ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣው ግጥም በድቤና በጭብጨባ እንዴት የኛ እንደሆነ በጆሮ የሚያስረዳ ነው። እናቱ ሐበሻ የነበረችው ቢላል የመጀመሪያውን አዛን ያሰማ እንደሆነ ስናስብ፣ ድምፅ በዚያ ባሕር ላይ የተመላለሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ድብልቅ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ባለፈው ዓመት ማሕሌትንና መንዙማን እርስ በርስ አደራርበን እንድናቀርብ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ ተቃወምኩ፤ ሼኾቹም መሪጌቶቹም ተቃወሙ፣ ያውም ሳይመካከሩ። ሁለቱም ጸሎት ናቸው፤ ጸሎት የሌላ ጸሎት ማጀቢያ አይሆንም። ጎን ለጎን፣ በየተራ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጸጥታ ይሰማ ተብሎ ተወሰነ። ደሴ እንዲህ ስትኖር የቆየች ከተማ ናት፤ አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ይጋራሉ እንጂ አይቀላቀሉም።

ለመጪው ዓመት የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ቀላል ነው። ከአዱሊስ ጠረፍ ተነሥተን፣ በአፋር ሜዳና በባቲ በኩል እስከ ሐይቅ የሚወጣ የመንገድ ኮንሰርት እናዘጋጅ፤ ለእያንዳንዱ ሥራም ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይነበብ፦ በጽሑፍ ወይም በቁፋሮ የተገኘው ምን እንደሆነ፣ በቃል የወረደው ምን እንደሆነ፣ እኛ የጨመርነውም ምን እንደሆነ። ንባቡ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፤ ሰው የመጣው ሙዚቃ ሊሰማ ነውና። አንዳንዶቻችሁ ይህ ስሜቱን ያቀዘቅዘዋል ትሉ ይሆናል። ምናልባት በመጀመሪያው ምሽት ጭብጨባው ይቀንስ ይሆናል፤ እኔ ባለፈው ዓመት ያገኘሁትን ጭብጨባ ግን ለማንም አልመኝም።

ሐሳቡ ከቀትር በኋላ ለውይይት ይቀርባል፤ የምትቃወሙም በነጻነት ተናገሩ። አሁን በጎን ክፍል የምትሰሙት ድምፅ የበገናዎቹ መቃኘት ነው። ባለፈው ዓመት በር ላይ የጠበቁኝ አባት ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ የዛሬውን ዝግጅት ማስተዋወቂያ እኔ ሳልሆን እሳቸው እንዲያነቡልን ለምኛቸው፣ «የማውቀውን ብቻ ከሆነ» ብለው እሺ ብለውኛል። ጉባኤው ተከፍቷል።