ስም ላይ ቃል ብንጨምር ይለያል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

አንድ ወዳጄ ካፌ ሊከፍት ነው። የመረጠው ስም የአንድ የታወቀ ካፌ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጨምሮበታል። «ንግድ ቢሮ ስሙን አሳልፎልኛል እኮ፣ ምን ችግር አለው?» ይለኛል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው። የንግድ ምልክት፣ ማለትም ደንበኛ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይበት ስም ወይም ዓርማ፣ ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት መዝገብ። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱን ላስመዘገበ ሰው መብት ይሰጠዋል፤ ሌላው ሕዝብን ሊያሳስት የሚችል ተመሳሳይ ምልክት ሲጠቀም መከልከል ይችላል። ቁልፉ ያ ነው፦ ደንበኛው ይምታታል ወይ? ወዳጄ ጎማ ቤት ቢከፍት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ካፌና ካፌ ሲሆን ግን...

ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሁሌም ትዝ የሚለኝ ሲዳሞ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ለካ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ቀድሞ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም አስገብቶ ኖሯል። (ስሙ ላይ አስተያየት አልሰጥም።) ሲዳሞ ከሚለው ፊት ያ ሁሉ ቃል ተደርድሮም የአሜሪካው ቢሮ ሁለቱን ስሞች ተመሳሳይ ናቸው አለ። ባለአገሯ ኋላ መጣሽ ተባለች። ስታርባክስ በ2006 ማመልከቻውን ተወው፤ በ2007 ደግሞ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብሎ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። በመሀል ግን የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር «እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው» ብሎ ሲሟገት ነበር።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። «እነሱ ትልልቆች ናቸው፣ እኔን ማን ያየኛል?» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ አሁን ላያዩት ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራው ሲሰምርለት ነው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ሰው ስሙን ማንሳት ሲጀምር ነው የጠበቃ ደብዳቤ የሚመጣው። ያኔ ታፔላውም፣ ሜኑውም፣ የቲክቶክ ገጹም ሊቀየር ነው።

ያኛው ካፌ ምልክቱን ማስመዝገቡን እንኳ አላጣራም። ምዝገባ ደግሞ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ሳያሳድሱት ቀርተውም ሊሆን ይችላል። ሰኞ አብረን ሄደን ልንጠይቅ ተስማምተናል።