ማርኩ ትንሽ ይቆይ

(በጎንደር ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ!

ብዙዎቻችሁ ያልታረመ የወረቀት ክምር ቤት ትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ አላንዛዛም።

ምርጫና እውነት ሐሰት ማረም ቀላል ነው። ድርሰት ግን ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ ውስጥ ስታርችና ኤሊዮት የተባሉ ምሁራን አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩ። ወረቀቱ ያው ነው። አንዱ መምህር ከ100 ስልሳ ምናምን ሰጠ፣ ሌላው ዘጠና ምናምን። እኛም ብንሆን ያው ነን። አንዳችን በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንሸነፋለን፣ አንዳችን አንድ የፊደል ግድፈት ካየን ወረቀቱን እንጠላዋለን። መፍትሔው ከማረም በፊት ምኑ ስንት እንደሚይዝ መስማማት፣ ለተማሪውም አሳይመንቱን ስንሰጥ መንገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አስተያየቱ ነው። አንድ ተማሪ ስለ ፋሲል ግንብ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ግንቡ ትልቅ ነው። በጣም ያምራል። ብዙ ሰው ይጎበኘዋል።» እኛ 6/10 እንሰጥና «ጎበዝ፣ በርታ» ብለን እናልፋለን። በምን ይበርታ? «በር ላይ ቆመህ መጀመሪያ የሚታይህ ምንድን ነው?» ብለን ብንጽፍለት ግን ተመልሶ ያያል። አራቱን ማማዎች፣ ክብ አናታቸውን ይጽፋል። አንዲት ጥያቄ ናት።

ጥያቄዋ የምትሠራው ግን ማርኩ ከጎኗ ከሌለ ነው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ተሻሻሉ። ማርክና አስተያየት አብረው የተሰጣቸው ግን እንደነሱ አልሆነላቸውም። ክፍል ውስጥ የምናየው ነው። ልጁ ቁጥሩን አይቶ «አንተስ ስንት አመጣህ?» ብሎ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

ቅኔ ቤት ይህን ድሮም ያውቀዋል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል። ቤት ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ከ10 ስንት የሚባል ነገር የለም።

«60 ተማሪ ይዘን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ለአንዱ 10 ደቂቃ ብትሰጡ 10 ሰዓት ነው። ማንም አይችለውም። ስለዚህ ሁሉንም ስሕተት አታርሙ። አንድ ጥያቄ ጻፉና ወረቀቱን መልሱለት። አንዱን አንቀጽ ብቻ እንደገና ጽፎ ያምጣ። ማርኩ ያኔ ይሰጠው። በሴሚስተር አራት አሳይመንት ከመስጠት ሁለቱን እንዲህ ማረም ይሻላል ባይ ነኝ። ሰነፍ የሚለኝ ይኖራል፣ ይበለኝ።

አሁን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አምስት አምስት ወረቀት ይደርሳችኋል። የተማሪዎቹ ስም ተሸፍኗል። ሳትመካከሩ ለየብቻ እረሙ፣ ከዚያ ማርካችንን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። ከተራራቅን መጨቃጨቅ ይፈቀዳል።