ስልኩን የደበቀው ታካሚ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ከዚህ አዳራሽ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶና የስልኩን ብርሃን ቀንሶ የሚጻጻፍ ወጣት አስቡ። በከፈተው የመተዋወቂያ አፕ ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ ፊት የላቸውም፤ ደረት ወይም ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ «ቅርብህ ነኝ» ብሎ ሲጽፍለት ደስታና ድንጋጤ እኩል ይመጡበታል፤ ጸሐፊው እንደ እሱ ወንድን የሚያፈቅር ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ወጥመድ ዘርግቶ የሚጠብቅም ሊሆን ይችላል።

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በሽታ አለመሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ከተቀበለ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል። ስለዚህ እነዚህን ወንዶች ወደ እኛ የሚያመጣቸው ፍቅራቸው ሳይሆን ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድብርት ነው። ተመራማሪው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳብራራው፣ መገለል የሚደርስበት ሰው የሚጎዳው በደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ይደርስብኛል ብሎ በመጠበቅ፣ ማንነቱን በመደበቅና የሌሎችን ንቀት በራሱ ላይ በማዞርም ነው። ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶች የሚተዋወቁበትን ግራይንደርን የመሰሉ፣ በአቅራቢያ ያሉ ሰዎችን አስቀድመው የሚያሳዩ አፖች ይህን ጫና ያቀልላሉም ያባብሳሉም።

እኛ አገር ከሁሉ የሚከፋው ማስፈራሪያው ነው። አንዱ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ የፊት ፎቶ ይቀበላል፣ የተጻጻፉትን ስክሪንሾት ያነሳል፣ ከዚያም «ለቤተሰብህ ሳልልክ ብር ላክ» ይላል። በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ስለሚቀጣ፣ ተበዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚያመለክተው በራሱ ላይ ይሆንበታል። ሁለቱንም ጾታ የሚያፈቅር ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀድሞ የሚያየው የሚስቱን ፊት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ ነው። እንደምንም ደፍሮ እውነቱን ሲናገር «አፑን አጥፋው» ወይም «ሚስት አግባ» የሚሉ ባለሙያዎች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ምክር የሌላ ሰው ሕይወት ጨምሮ ያበላሻል፤ የመጀመሪያውም በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ያን ወጣት ከሚመስሉት ጋር የሚያገናኘውን ብቸኛ በር ይዘጋበታል። ይልቅ ፊቱንና የሥራ ቦታውን የሚያሳይ ፎቶ እንዳይልክ፣ ማስፈራሪያ ቢደርሰው ብቻውን እንዳይጋፈጠው፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነም በግልጽ ጠይቀን እንዲነግረን ብናደርግ ይጠቅመዋል።

የሙያ ምስጢር ማውጣት በሕጋችን እንደሚያስቀጣ ታካሚው ላያውቅ ይችላል፤ እኛ ግን እናውቃለን። ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ፣ በካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደማይጻፍና ካርዱን እነማን እንደሚያዩት በዝርዝር እንድትነጋገሩበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።