ልጆችን ይዞ ወደ በግና ፍየል ጨረታ

(ምስል፦ በብረት አጥር የተከፋፈለ በረት። ጆሮአቸው ላይ ምልክት ያደረጉ ፍየሎች።)

ፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ ኒው ሆላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሰኞ ሰኞ የበግና የፍየል ጨረታ አላት። በምሥራቅ አሜሪካ ስሙ ከተጠራ ጨረታዎች አንዱ ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዋጋውን እየመዘገበ ሪፖርት ያወጣል። ዲሲና ሜሪላንድ ላለን አበሾች መንገዱ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ መግዛት አይደለም። ልጆችን ይዞ ሄዶ ስለ ማየት ነው።

ሰኞ መሆኑ አይመችም፤ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ሲዘጋ ነው የሚሻለው። (የወሎ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፤ የባቲም ገበያ ሰኞ ነው የሚቆመው።)

(ምስል፦ አጫራቹ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ማይክ ይዞ።)

አገር ቤት በግ ስንገዛ ወገቡን ዳብሰን፣ ላቱን መዘን፣ ጥርሱን ገልጠን ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» ብለን፣ ጥለን እየሄድን፣ ተጠርተን እየተመለስን። ጨረታ ላይ ይሄ የለም። እንስሶቹ በአንድ በር ይገባሉ፣ መሐል ላይ ዞር ዞር ይላሉ፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ በሌላ በር ይወጣሉ። ሁሉም ነገር ጥድፊያ ነው።

ልጆች የሚስቁት አጫራቹ አፉን ሲከፍት ነው። ልክ እንደ ሚኒባስ ረዳት፣ ቃሉ ከቃል አይለይም። ከሚያወርደው ሁሉ ቁም ነገሩ ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ አሁን የተሰጠው ዋጋ፣ ሌላው ቀጥሎ የሚፈልገው። የቀረው መሙያ ነው። መቁጠር ለለመደ ልጅ ይህን ንገሩትና ጆሮውን ጥሎ ይከታተላል።

ትልቅ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሒሳብ አለለት። ኒው ሆላንድ ላይ ፍየል የሚሸጠው በነፍስ ወከፍ ነው። በግ ግን በክብደት፣ ዋጋውም በ100 ፓውንድ ተሰልቶ። ፍየል «200» ከተባለ አንዱ ፍየል 200 ዶላር ነው። በግ «200» ከተባለ ፓውንዱ 2 ዶላር ነው፤ 60 ፓውንድ የሚመዝን ጠቦት 120 ዶላር ይወጣዋል ማለት ነው።

«ልጄ እጁን ቢያወጣ ፍየል ተሸክሜ ልመለስ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይዟችሁ። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ቢሮ ገብቶ ተመዝግቦ ቁጥር ይወስዳል። ቁጥር አትውሰዱ፣ በቃ። ቁጥር ወስዳችሁ በሆነ ባልሆነው ጭንቅላት ብትነቀንቁ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

(ምስል፦ ውኃ፣ ሳሙና፣ የልጅ እጅ።)

አሁን ወደ ዋናው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእንስሳት በሚተላለፍ ጀርም በቀላሉ ይታመማሉ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ)ም ደጋግሞ የሚያሳስበው ይህንኑ ነው። ኢ. ኮላይ አለ፣ ሳልሞኔላ አለ። ስለዚህ በረቱ አካባቢ ብስኩት የለም፣ ጡጦ የለም፣ ስትሮለርም መኪና ውስጥ ይቅር። ጎማው የረገጠውን ሁሉ ቤት ይዞላችሁ ይገባል። ሳኒታይዘር አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ በሱ አይሞትም። ውኃና ሳሙና ነው መድኃኒቱ። ነፍሰ ጡር እናት ከበግና ከፍየል፣ በተለይ ከሚወልዱት፣ ብትርቅ ይሻላል።

የተሸፈነ ጫማ አድርጉላቸው። መኪና ከመግባታችሁ በፊት አውልቃችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። መኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ እጃቸውን እንዳትለቁ። ትልልቅ ተሳቢዎች ወደ ኋላ ሲመጡ ትንሽ ልጅ አይታያቸውም። እኔን ከጀርሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ጥያቄው ይመጣል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ «ጉትቻ ለምን አደረገ?» ከየት እርሻ እንደመጣ ለማወቅ ነው። ስክሬፒ የሚባል የበግና የፍየል የአንጎል በሽታ አለ፤ እሱን ለመከታተል ሲባል ምልክቱ በሕግ ይደረጋል።

ሁለተኛው፣ «አሁን ወዴት ነው የሚወስዷቸው?»

እውነቱን ንገሯቸው። ለእርባታ የሚገዛም አለ፤ አብዛኛው ግን ለእርድ ነው። «እርሻ ሄዶ ይጫወታል» ማለት አያዋጣም። እኛ ያደግነው የበዓል በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲጮህ እየሰማን፣ ሣር እያበላን፣ በነጋታው ቁርጡን እያወቅን ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ሥጋ የሚያውቀው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። «ባለፈው ፋሲካ የበላነው ጥብስ ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው» በሉት፣ መኪና ውስጥ ሳላችሁ፣ ገና ሳትደርሱ። ካለቀሰ ያልቅስ። ሥጋ አልበላም ካለም ሽሮ አለ።

ፎቶ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አካባቢው የአሚሾች ነው፤ በመኪና ፈንታ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ የድሮ አኗኗር ያልተዉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ካሜራ መደገንን አይወዱም። የልጆቹን ስልክ ኪሳችሁ ክተቱት። ፈረስና ጋሪያቸውን ግን በዓይናቸው ይጥገቡት።

አንድ ሰዓት ይበቃል። ጫጫታውም ሽታውም ከዚያ በላይ ልጅ አያስቀምጥም። ደግሞ ጨረታው ቦታ ሳትደውሉ ከቤት እንዳትነሱ፤ በዓል ላይ የዋለ ሰኞ ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል።