«አላገኘሁም» እና «የለም»

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ማለዳ። ግቢ ውስጥ የቆመ በርሜል፤ አፉ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኗል።]

ተራኪ፦ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር በርሜል ወይም ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ይቸግራል፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝም እንቁላሏን የምትጥለው በእነዚሁ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን የተመዘገቡባት ድሬዳዋ፣ በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ አስመዝግባለች፤ ወረርሽኙን ያጠኑ ተመራማሪዎችም ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ አንዲት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ በ60 ቤቶች የዚህችን ትንኝ እጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን፣ ውሃ ውስጥ የሚያድገውን ልጇን) ልትቆጥር ተነሣች እንበል።

[ምስል፦ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ መጨለፊያ፤ ውሃው ላይ ተጋድመው የሚንሳፈፉ እጮች።]

የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ ውሃዬን ልትደፊብኝ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከመጠይቁ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። እጭ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ በስምምነት ቅጹ ላይ ካልሰፈረ ፊርማው ጎደሎ ነው፤ ውሃው ቢደፋ ቤተሰቡ ለቀናት ይቸገራል፣ ዝም ተብሎ ቢታለፍ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከበርሜሉ ትንኝ ይወጣል። ውሃውን በጨርቅ አጥልሎ፣ በርሜሉ በደንብ እንዲከደን ነግሮ መሄድ ይቻላል፤ ይህ ግን ወደ ግቢው ከመገባቱ በፊት ከአማካሪ ጋር የሚወሰን ነገር ነው።

ሁለተኛው ፈተና ማምሻውን፣ ኮምፒውተር ፊት ይመጣል። 9 ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ነበር። ጓደኛዋ «ባዶ ከሚቀር 0 ሙዪበት» ይላታል፤ ክፋት አስቦ አይደለም፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል። 0 ማለት ግን «ገብቼ ፈልጌ አላገኘሁም» ማለት ነው፤ ያልተከፈተ በር 0 የለውም። እጭ የተገኘው በ17 ቤቶች ቢሆን፣ ከታዩት 51 ቤቶች ሲሶው ነው፤ በ9ኙ የፈጠራ ዜሮዎች ወደ 28 በመቶ ይወርዳል።

እውነተኛው 0 እንኳ «የለም» ማለት አይደለም። ይህን የሒሳብ ሰዎች በውድ ዋጋ ተምረውታል።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፤ 12 = 2×2×3፣ 10 = 2×5።]

12 በብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ በማይካፈሉት) ሲበተን ሦስት አካፋዮች አሉት፣ ስለዚህ ከኢተጋማሾቹ ጎራ ነው፤ 10 ሁለት አሉት፣ ከተጋማሾቹ ጎራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖሊያ፣ 1ን ከተጋማሾቹ ጎራ አድርገን ቁጥሮችን በተራ ስንመድብ ከ2 ወዲያ የትም ላይ ብናቆም የኢተጋማሾቹ ጎራ በቁጥር አያንስም ሲል ገመተ። ግምቱ ሐሰት መሆኑ በ1958 ተረጋገጠ፤ የመጀመሪያው የሚያፈርሰው ቁጥር በ1980 ሲታወቅ 906,150,257 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ከ900 ሚሊዮን ጊዜ በላይ «አላገኘሁም» ማለት ይቻል ነበር፤ «የለም» ማለት ግን አንድ ጊዜም አይቻልም ነበር።

[ምስል፦ መኝታ ክፍል፣ የተሰቀለ የትንኝ ወጥመድ፣ ባዶ።]

የስቴፈንሲን እጭ በበርሜል ማግኘት ቀላል ሲሆን፣ ያደገችውን ትንኝ በተለመዱት ወጥመዶች መያዝ አስቸግሯል፤ ቀኑን የት እንደምታሳልፍ፣ ከሰውና ከከብት ደም የቱን እንደምታዘወትር ገና ተጠንቶ አላለቀም። ስለዚህ ወጥመዱ ጠዋት ባዶ ቢገኝ ተማሪዋ 0 ትጽፋለች፤ አጠገቡ ባለው ዓምድም በስንት ሰዓት እንደሰቀለችው፣ ባትሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ሌሊቱን ከመስኮቱ ሥር ሁለት ፍየሎች ታስረው እንደነበር ትጽፋለች።